ጉም ዘጋኞች

በእኔ ቋንቋ፣ ከንቱ የሚለፋ ሰው ሲሰደብ፣
"ጉም ይዘግናል" ይባላል፤ ዘግኖ ላይጠግብ።
ይኼን ስድብ በጆሮዬ ይዤ ወጣሁ፣
ሊማ ዳር ካለው ኮረብታ፣ አሸዋ እየረገጥሁ።

ዛፍ የለም። ሣር የለም። ዝናብም አያውቁ፤
ከጣውላ፣ ከቆርቆሮ ጎጆ እያጣበቁ
ሽቅብ ይደራረባሉ፣ ሰማይን ሊጠይቁ።
ሰማዩ በሰኔ፣ ከባሕር ተነሥቶ
ነጭ ሆኖ ይመጣል፣ ዳገቱን ሞልቶ፤
ቅንድብ ያረጥባል፣ የተሰጣ ልብስ ያረጥባል፣
በር ላይ ቆሞ እንደ እንግዳ ያመነታል፣
ጠብ ሳይል ያልፋል።

ውሃ በቦቴ ነው፣ ማክሰኞና ዓርብ፤
ጡሩንባ ሲሰማ ባልዲ ይሰለፋል፣
በርሜሉ ሲሞላ ኪሱ ይነጥፋል።

ኔሪዳ፣ ከዚሁ ዳገት በቅላ
ምሕንድስና ያጠናች፣ ወረቀቷን ጠቅልላ
በአንድ ሰኔ መጣች። ሁለት ምሰሶ ተከለች፣
በመካከሉ መረብ ወጠረች፤
ድሩ ጠበቅ ያለ፣ ስሌቱ የጠራ።
በሦስተኛው ሌሊት ነፋስ መጥቶ፣ እንደ ሸራ
ነፍቶ ነቀለው፤ ከጎረቤት ጣራ
ላይ ሰቀለው። የሣቁባትን አትጠይቁኝ።

ሁለተኛውን አሳሳችው። ነፋሱ አለፈ፤
ጉሙም አብሮ አለፈ፤
እስኪነጋ ብትጠብቅ አንድ ኩባያ አልተረፈ።

ያኔ ነው ኤውሴቢዮ፣ ከካያዎ ወደብ
የተሰደደው አጥማጅ፣ በርጩማውን ሊያቀርብ
የመጣው። ባሕሩ ሲሞቅ ዓሣው ጥልቁን መርጦ
ጀልባው ተሸጧል፤ እጁ ብቻ ቀርቷል፣ ቋጠሮ ጨብጦ።
"ልጄ" አላት፣ "መረብ ግድግዳ አይደለም፤
ነፋስ የተጋፋ መረብ ወደብ አይገባም።
ልቀቂው፣ ይወዛወዝ፣ ይንፈስ፤
ብቻ ሲመለስ የያዘውን ያፍስስ።"

ስሌቷን አልጣለችም። ሰረዘች፣ ደለዘች፣
"ይስገድ" የሚል ቃል ከኅዳጉ ጻፈች፤
የምሰሶውን ጥግ በብስክሌት ከመነዳሪ አሰረች፣
መረቡን ድርብ አደረገች፤
ነፋስ ሲመጣ ሁለቱ ድር ይተሻሻሉ፣
ያረገዙትን ጤዛ ይጥላሉ፤
ከሥሩ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ፣ ጥቂት ዘንበል ያለ።
ያችን ጥቂት ስትለካ ስንት ሌሊት ነጋ!
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ባትሪ ግንባሯ ላይ አሥራ፣
ጣቷን ቱቦው ውስጥ ከትታ፣ ትንፋሿን ሰውራ፣

ጠብ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።
ጠብ፣ ጠብ። ባልዲው አፉን ከፍቶ ጠበቀ።
ሲነጋ በርሜሉን በእጄ መታሁት፤
እስከ ወገቡ ድፍን ድምፅ ሰጠኝ፤ ሰማሁት።
ለካ ስድቡ የጉሙ አልነበረም፤
የመዳፋችን ቅርጽ ነው እንጂ፣ ውሃስ አልጠፋም።

ግን ተአምር ነው ብላችሁ እንዳታወሩ።
አርባ መረብ ለሺህ ጉሮሮ ምኑ?
ውሃው አቧራ አቧራ ይላል፤ ለመጠጥ ይፈላል፤
ድሩ በየዓመቱ በፀሐይ ይበላል።
ጉሙም ራሱ እየሸሸ ነው፣ ባሕሩ በጋለ ቁጥር፤
የኔሪዳ ደብተር ላይ፣ በቀይ፣ "ዘንድሮ ሃያ እርምጃ ሽቅብ" ተብሎ ሰፍሯል።
ጭሱን የሚያጨሰው ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር፤
ምሰሶ ተሸክሞ ዳገት መውጣት የዚህ መንደር።

ዓርብ ቦቴው መጣ። ጡሩንባውን ነፋ፣ ደጋገመ፤
ከተሰለፈው ባልዲ ግማሹ እንደጎደለ አየና ቆመ።
ሾፌሩ ወረደ፣ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ፤
ጣቱን ቱቦው ውስጥ ነክሮ ላሰ።
"ጨው የለበትም?"
"የለበትም።"
"ስንት ነው፣ በርሜሉ?"
ኔሪዳ መሰላሉ ላይ ነበረች፤ ዞር ሳትል፣
"ያንን ምሰሶ ያዝልኝ" አለችው።