ዘር አይበላም

ቤርሳቤህ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ነጭ ክፍል፤
ሐኪሟ ወረቀት ገልብጣ ሦስት ክብ ሣለችልኝ።
«ጊዜ የለንም» አለች፣ «መድኃኒቱ ሊጀመር
አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረን፤
ከዚያ በኋላ ግን
እንቁላልሽ ይተርፋል ብዬ አልዋሽሽም።
ምረጪ።»
ብዕሯን አስቀመጠች። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም።

እናቴ በጎኔ፣ መነጽሯን በሻሿ ጫፍ እየወለወለች፣
«ምን ትላለች?» አለች።

በዕብራይስጥ የሰማሁትን በአማርኛ ልነግራት
ቃል አጠረኝ፤ «ማቀዝቀዝ» ብላት ሥጋ ቤት መሰላት፣
«ማቆየት» ብላት፦ ማንን? ስንት ዓመት? የት?
በመጨረሻ «ዘር» አልኳት።
ዘር ስላት ገባት።

አንደኛው ክብ፦ እንቁላል ብቻ፣ የኔው፣ የብቻዬ፤
አሥራ ሁለት ቀን መርፌ ሆዴ ላይ፣ ከዚያ ለቀማ።
ሁለተኛው፦ ከኤልዳድ ጋር አዋህዶ፣ ጽንስ አድርጎ ማኖር፤
«ፊርማው ግን የሁለት ነው፤
አንዱ እምቢ ካለ ሌላው አያነሳው።»
ሦስተኛው፦ ከእንቁላል ማኅደሬ ቁራጭ ቆርጦ ማስቀመጥ፤
መርፌ የለ፣ ቀን መቁጠር የለ፣
ቢላ ግን አለ።

ኤልዳድ «እፈርማለሁ» አለ ፈጥኖ፣
የመኪና ማቆሚያው ሰዓት እንዳለቀበት ሰው።
እጁ ደግ ነው፣
ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው።
አልፈረድኩበትም። ስምንት ወራችን ነው ስንተዋወቅ፤
ፀጉሬ ሳይረግፍ ወዶኛል፤ ሲረግፍ ማን ያውቅ?

ኮሪደሩ ላይ እናቴ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ፦
«እኛ አገር ክረምት ሲገባ
ጎተራው ቢራቆት፣ ልጅ ቢያለቅስ፣ ሆድ ቢባባ፣
ለዘር የተለየች እህል አትነካም ነበር፤
አፏ በጭቃ ተመርጎ፣ ቅል ውስጥ።
ዘር አይበላም፤ ነውር!»

ከዚያ ዝም አለች።
ውሃ የሚሸጠው ማሽን ብቻውን ያጉረመርማል።

«ሱዳን ላይ ግን በላነው» አለች፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ ብላ፤
«አባትሽ መቀነቱ ውስጥ ቋጥሮ ያሻገራትን ሁለት እፍኝ ማሽላ።
ኢየሩሳሌም እንዘራታለን ብለን ነበር።
ድንኳን ውስጥ፣ በዘይት ጣሳ፣
ንፍሮ አደረግኋት፤ ወንድምሽ እንዲነሳ።

አልተነሳም።»

ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ፤ ማሽላውን አላውቅም።
ሠላሳ አንድ ዓመት «ምትኬ» ስትለኝ
ምትክነቴ የማን እንደሆነ እንጂ የምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።
«አንቺ የመጣሽው ከዚያ በኋላ ነው፣ ባዶ ቅል ይዘን» አለች፤
«ስለዚህ እኔ እንጃ። አኑሪ አልልሽ፣ ተይው አልልሽ...»
ቀሪውን ዋጠች።

አንደኛውን ክብ መረጥኩ። አንድ መስመር፣ አንድ ፊርማ።
ኤልዳድ ምንም አላለም፤ ትከሻው ግን ቀለል ሲል አየሁ፣
ያንንም ይቅር አልኩ። ወይም ይቅር እላለሁ።

መርፌዎቹ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከወይራው ማሰሮ ጎን፤
ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሸሚዜን ስገልጥ
እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤
ቀኑን ግን አትስትም፦ «ዛሬ ሰባተኛው ነው» ትላለች።

ሲለቀሙ ዘጠኝ ሆኑ።
ሐኪሟ «ደህና ነው» አለች። «በጣም ጥሩ» አላለችም።
እናቴ ጎነተለችኝ፦ «ጠይቂልኝ፣ በሰንበት ማን ይጠብቃቸዋል?»
ነርሷ መሳቅ ጀምራ ተወችው።
«በርሜሉ እሳትም መብራትም አይፈልግም፤
ብርዱን ሞልተንለት እንሄዳለን፣ እሱ ራሱን ችሎ ያድራል።»
ተረጎምኩላት።
«እሳት ሳይነድ?» አለች። «እንግዲያስ ሰንበት ያውቃል።»

ወደ ኔቲቮት በሚሄደው አውቶቡስ ሆዴን ይዤ ተቀመጥኩ።
ግንቦት ነበር፤ የኔጌቭ ስንዴ ታጭዶ
ገለባው እንደ ሳጥን ተደርድሯል።
እናቴ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ
«ዘሩን ለይተው ይሆን?» አለች፣
ለኔ ይሁን ለማን እንጃ።