ማዶውን የማያይ ቀዳዳ

አምስት ሚሊ ላሜራ ነው፤ ያዘዘን የወረቀት ፋብሪካ፤
ከበሮ የሚያህል ቱቦ፥ ዙሪያው በቀዳዳ የተለካ፤
አሥራ ስምንት ቀዳዳ፥ ሦስት ሚሊ ብቻ የሚወርድ፤
ሁለት ሚሊ ወለል ይቅር፥ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይነጉድ።
"እንዳይበሳ" ይላል ወረቀቱ፥ በቀይ ሁለቴ ተሰምሮ፤
መብሳትማ ማንም ይበሳል፤ ጭንቁ መቆም ነው ጀምሮ።

ሰኞ ጠዋት። ካፊያ። ኤልጎይባር ጭጋግ ስትለብስ፥
የዴባ ወንዝ ከጓሯችን የድልድዩን እግር ሲያብስ፥
እኔ ከስክሪኑ ፊት ነኝ፤ ማውሱ በመዳፌ ይሞቃል፤
መሬት ሰማይ በሌለው አገር ቱቦዬ ተንሳፎ ይስቃል።

ከክቡ ላይ ቀዳዳ ቆፈርኩ፤ ሦስት ሚሊ ብዬ ጻፍኩኝ፤
"ዘርጋው" ስል ቀይ መስመር ወጣ። እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩኝ።
ለእሱ ላሜራ ማለት አንድ ውፍረት ነው፥ አንድ ቆዳ፤
ወይ ሙሉ ነው ወይ ቀዳዳ፤ አያውቅም ግማሽ እንግዳ።
ከላይ ገብቶ መሀል የቀረ፥ ወለል ያለው ጉድጓድ ሲያይ፥
የቱ ፊት እንደሚለጠጥ፥ የቱ እንደሚታመቅ ሳይለይ
ይደነብራል።

"ዘርጊው" አለኝ ኡናይ፥ ከጎኔ ሳንድዊቹን እየገመጠ፤
"ጠፍጣፋው ላይ ቆፍሪና ጠቅልይው።" ቀዩ መስመር አመለጠ፤
አሥራ ስምንቱም ተሰደሩ፥ አንዱ ካንዱ ሳይዛነፍ፤
ስክሪን ላይ ብረት አይደክምም፤ ስክሪን ላይ ብረት አያኮርፍ።
ላክሁት።

ባሌንዲን፥ የሮለሩ ሰው፥ አርባ ዓመት ብረት ሲጠቀልል
ግራ ጆሮው የደነቆረ፥ በመዳፉ የሚያዳምጥ የሚመስል፥
ሐሙስ ዕለት አስጠራኝ። አልተቆጣም። እጄን ያዘ፤
ከቱቦው ላይ አሳርፎ ወሰደው፤ ጣቴ ከአንድ ቦታ ፈዘዘ።
"እዚህ፥ ኔካኔ። እዚህም።" ክቡ ክብ አልነበረም፤
በየቀዳዳው መስመር ላይ ተሰብሮ እንጂ አልጎበጠም፤
አንጓ አንጓ፥ እንደ ሸንበቆ።
"የሳሳ ብረት" አለ "ከወፍራሙ ቀድሞ ያጎነብሳል፤
ከሁለት ተሸካሚ አንዱ ከደከመ፥ ሸክሙ እሱ ላይ ይፈሳል።
መጀመሪያ እኔ ልጠቅልለው። አንቺ ነጥብ ብቻ ስጪኝ፤
ቀዳዳው ኋላ፥ በትራፓኖ፥ ክቡ ላይ። ያኔ ጥሪኝ።"

አፍሬ ነበር ብል ዋሸሁ። ተናደድኩ። ሦስት ቀን ደክሜ
አንድ ቱቦ ለቁርጥራጭ ሳጥን፥ በፊርማዬ፥ በስሜ!
ማታ ሁሉንም ደመሰስኩ፤ ከጠፍጣፋው ላይ አሥራ ስምንት
ነጥብ ተከልኩ፤ የምስማር ጫፍ፥ ጥልቀት አልባ ምልክት።

ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ሦስት ሚሊ ከየት ጀምሮ?
የጎበጠ ፊት አፋፉ እኩል አይደል፤ ከፍ ዝቅ ይላል ዞሮ፤
ትራፓኖው ጉብታውን ሲነካ፥ ዳር ዳሩ ገና አየር ነው፤
ዳሩን ሲያገኝ መሀሉ አልፏል፤ ጥልቀቱን ማን ነው የሚያምነው?
"ከጉብታው ጫፍ" ብዬ ጻፍኩ፥ በአጭሩ፥ ከቀስቱ ጎን፤
አንድ ሥዕል አንድ ልክ ይሻል፥ እውነቱ ብዙ ቢሆን።

ማክሰኞ ቱቦው ወጣ። ሁለታችን ወደ ማሸጊያው
ግቢውን አቋርጠን ስንገፋ፥ ደረሰብን ካፊያው፤
ወደ ላይ የዞሩት አራቱ ጉድጓዶች ውሃ ቋጠሩ፤
አንዳንድ ቁራጭ ሰማይ፥ ሳንቲም የሚያህል፥ አሳደሩ።
ጎንበስ ብዬ ውስጡን አየሁ፦ ደረቅ፤ አንድ ጠብታ የለም።
ዕውር ቀዳዳ ይሉታል ባለሙያዎች፤ ማዶውን አያይም።
በደህናው ጆሮው በኩል ዞሬ "ተመልከት" ብዬ ሳልጨርስ፥
"ይዝጋል!" አለ ባሌንዲን፤ ጨርቁን አወጣ፤ ጀመረ ማበስ።