መወርወሪያ

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ሐረጎን ስንወጣ፣
በየጥምዝምዙ ላይ ጥርሴ ቃል አወጣ።
ሾፌሩ ማርሽ ሲቀይር እኔ አገጬን ይዤ፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ ቅርንፉድ ነክሼ፣ ፈዝዤ።
ጦሳ ጉም ለብሷል። ደሴ የለችም።
ጥርሱን የሚያመው ሰው ከተማ አይፈልግም፤
ወንበር ነው የሚፈልግ፣ መብራትም።

«አባባ ይመር» አለች ዶክተር ሂክማ፣ በብረት እያንኳኳች፣
«ይሄ የፊት ጥርስ ቢጫ ነው፤ ድሮ ምን መታው?» ብላ ጠየቀች።
«መወርወሪያ» አልኋት። «ምንድን ነው እሱ?»
ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በጣቴ አሳየኋት፤
ጨርቅን ተሰፍቶ ለምታውቅ ልጅ ድርና ማጉን ምን ብዬ ላስረዳት?
ተውሁት።

አንድ ክንድ ያለው ማሽን ራሴን ዞረው፣ ዝም ብሎ፣
እንደ ሌሊት ዘበኛ፣ ቀስ ብሎ።
ከዚያ በስክሪኑ ላይ ራስ ቅሌ ወጣ፤
ሰው በቁሙ አጽሙን ያያል፣ ምን ጊዜ መጣ!
«ሌላው ጥርስ ይኸው፣ በመሀሉ ጥቁር ክር አለ፤
የዚህ ግን ተደፍኗል፣ ከምቱ በኋላ ቀስ በቀስ ደንጊያ በቀለ።
የቀረው ቦይ ከታች ነው፣ ከጫፉ፣ እንደ ፀጉር የሳሳ፤
በዓይኔ ተማምኜ ብሰረስር ጎኑን እበሳዋለሁ፣
ጥርሱም ይሄዳል።»
ክር አለች። ለእኔ! ሠላሳ ዓመት በክር ለኖርሁ።
የቀረውን አልሰማሁም፤ እሺ አልሁ፣ ፈረምሁ።

በሳምንቱ አፌን በአረንጓዴ ላስቲክ ወጠረች፣
ከሳጥን ውስጥም አንድ ነገር አወጣች፤
በስሱ በስሱ የተነባበረ ሙጫ፣ ማተሚያ ያተመው፣ የአፌ ልክ፣
በላዩም አንዲት የብረት ቀለበት።
«መሰርሰሪያው በዚህች ብቻ ይገባል፤
እጄ ቢስት እንኳ ቀለበቷ መንገዱን ይጠብቃል።»
ጥርሶቼ ላይ ስትጭነው ቀጭ አለ፣
ልክ እንደገባ ብሎን።

ብሎን።

በሰባ ስምንት፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ማሽን ቁጥር አርባ ሁለት ላይ፣
ዘምዘም ነበረች። «ይመር፣ ድምፁ ተለውጧል፤ ብሎኑን እስቲ እይ።»
መካኒኩ እኔ ነኝ። «ነገ» አልኋት።
ነገ ሳይመጣ መወርወሪያው ከማሽኑ ዘለለ፣
አጠገቧ የቆምሁትን እኔን፣ ከንፈሬን ከፈለ።
የፈረቃው ኃላፊ መጣ። «እሷ ናት ያጠፋች?» አለ።
አፌ በጨርቅ ታጭቆ፣ ደሜን እየዋጥሁ፣
ራሴን ነቀነቅሁ።
ሕመሙ ነው ያስነቀነቀኝ እያልሁ ስንት ዓመት ተከራከርሁ!
በማግስቱ አልገባችም። ማሽኑን ሌላ ሰው ያዘው።
ብሎኑን ያን ሌሊት፣ ማንም ሳያይ፣ እኔው አጠበቅሁት።

«ያማል?» አለች ሂክማ።
አፌ ተለጉሟል። ራሴን ነቀነቅሁ፤
ወደ ታች ይሁን ወደ ጎን፣ አላወቅሁ።
ስዕሉ ያውቃል፣ ቦዩ የት እንደተቀበረ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረ፤
«ነገ» ያለውን ምላስ የሚያሳይ ማሽን ግን
ገና አልተሠራም።

መሰርሰሪያው ዝም አለ። ቀጭን ሽቦ ሰደደች፣ በጣቷ እያሾረች።
አንዲት ትንሽ መሣሪያ ቲጥ አለች፣ ቲጥ፣ ቲጥ፣
«ገባ! አባባ፣ እስከ ጫፉ ገባ!» ብላ ሳቀች።
በመርፌ ቀዳዳ ክር ያሳለፈ ሰው ሳቅ ነው፤
ዘምዘምም እንዲህ ነበር የምትስቀው።

«ሁለት ሰዓት ምንም አይብሉ» አለችኝ።
መናኸሪያ ወርጄ፣ ያንኑ ሐረጎን ቁልቁል፣
ቦርከና ድልድዩ ጋ ወረድሁ።
ክርና ቁልፍ ትሸጣለች ብለውኛል፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።
በሩን አንዲት ልጅ ከፈተች። «ማንን ነው?»

ከንፈሬ ገና ድንዝዝ ነው።
«ዘ» ጥርስ ትፈልጋለች፣ «ም» ከንፈር፤
ስሟ ደግሞ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ።
ሞከርሁ። አልወጣም። እንደገና ሞከርሁ።

ልጅቱ በሩን አልዘጋችም።