ጀልባ በዶሮ መዝለያ

ሙሄ ተንበርክኮ ሰንሰለት አጣምሮ፣
የኋላ መብራቷን አብርቶ ሞክሮ፣
«ዕቃዋን ወደ ፊት ግፉልኝ» አለና፣
ጀልባ አስከትለን አለፍን ቦርከና።

ዶሮ መዝለያ ላይ ፕራዶው አቃሰተ፤
ከኋላ አይሱዙ ጡሩምባ ጎተተ።

ደሴን ጉም ውጧታል፤ ፒያሳ የለችም፤
ጀልባዋ ዋኘች እንጂ በጎማ አልሄደችም።
ሆጤ ላይ አንድ ልጅ፦ «ውሃውስ የት አለ?»
«ከኋላ ይመጣል» ሙሄ ሳይስቅ አለ።

ቁልቁለቱ መጣ። ፍሬን አልረገጠም፤
ማርሽ ቀነሰ እንጂ ፊቱ አልተለወጠም።
«ዳገት ላይ በመከራ የጎተትከው ሁሉ
መልሶ ይገፋሃል ሲመጣ ቁልቁሉ።»

ሐይቅ ዳር፣ የኋሊት። ውሃው ተቀበላት።

ስንመለስ ግን ሙሄ
በየጠመዝማዛው
ቦታ ተወላት።