አስተያየት የሚል ዓምድ

ደሴ፣ ከጦሳ ሥር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ክረምትና በጋ ለጋምቦን ከሰማይ
ሳያት ነው የከረምኩ፣ በካሬ ተቆርጣ፣
አሥር ሜትር ባሥር ሜትር፣ ልክ እንደ ገበጣ።
ገብሱን ቢጫ ቀባሁ፤ ጓሳውን፣ ለምለሙን፣
በአረንጓዴ ሞላሁ፤ ለማጡ፣ ለጥቁሩ፣ ሐምራዊ ቀለሙን
የሰጠሁት እኔ ነኝ፤
ለምን ቢሉ፣ ሌላ ቀለም አልተረፈኝ።

ሳተላይቱ ትጉህ ነው፣ በአሥራ ሁለት ቀኑ ይመለሳል፤
ራዳሩ ጉም አይፈራ፣ ደመና ይበሳል፤
ርጥቡን ከደረቁ በማሚቶ ያውቃል።
ጥልቀቱን ሲጠይቁት ግን ዝም ብሎ ያልፋል፤
ቆዳ አይቶ ሆድ አያውቅም።

ስለዚህ በኅዳር፣ ጂፒኤስ ባንገቴ፣
ጫፉ የጎደጎደ ዘንግ ይዤ፣ በሁለት ሹራብ ውስጥ ሳይሞቀኝ ደረቴ፣
ከአቀስታ ሽቅብ፣ ጅብራ ብቻ ቆሞ ከሚያድርበት ሜዳ
ወጣሁ፣ በገዛ ካርታዬ ላይ፣ እንደ እንግዳ።

መሪዬ አያ ሙሄ፣ መሣሪያዬ ሳተላይት ቆጥሮ እስኪጨርስ
ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ፣ ታከተው።
"ቆይማ" አለና፣ ተረከዙን አንሥቶ መሬቱን ረገጠው፤
አሥር እርምጃ ርቃ የቆመችው ጅብራ
ራሷን ነቀነቀች፣ እሺ እንዳለ ሰው።
"ይኸውልሽ ካርታው።"

ዘንጉን ተጫንኩት። አንድ ሜትር። ሁለት።
ቅቤ እንዳገኘ ቢላ፣ ያላንዳች ጩኸት።
ሦስት ከሩብ ላይ ጭንጫ ነካና ቆመ።
ስስበው፣ ከጥቁሩ ጭቃ ጋር የከረመ እንቁላል ሽታ ታደመ፤
በመሃሉም ሣር፣ ያልበሰበሰ፣ ከነጅማቱ።
"የማን ዘመን ሣር ነው?"
"እኔ እንጃ። ማጥ ይውጣል እንጂ አይፈጭም፤ ይህ ነው ጠባዩ፣ ከጥንቱ።"

ከዚያ የአባቱን በቅሎ ነገረኝ።
አሞሌ እንደጫነች፣ በጉም መንገድ ስታ፣ እዚችው ላይ ገባች፤
እስከ ደረት፣ እስከ አንገት፣ በዝግታ ሰመጠች።
አባቱ ጆሮዋን ጨብጦ ነበረ፤
ጆሮዋም ሄደና እጁ ባዶ ቀረ።

በማግስቱ ቦይ መቆፈር ጀመረ።
ለገብስ አልነበረም። ውሃውን አፍስሶ
በቅሎውን ሊያስመልስ፤ ሦስት በጋ ቆፍሮ፣ ሦስት በጋ አልቅሶ።
በቅሎዋ አልተገኘች። መሬቱ ግን ደርቆ
ጎረቤት ገብስ ዘራ፤ እሱም ዘራ፣ ተሳቆ።

ካርታዬ ላይ ቢጫ ያልኩት ይሄን ነው።
የድንበሩ ድንጋይ፣ ያኔ ከሣር እኩል፣ ዛሬ ከጉልበቴ በላይ ነው።
"ድንጋዩ አደገ ወይ?" አልኩት፣ ለቀልድ ያህል።
"ድንጋይ መች ያድጋል?
መሬቱ ነው የወረደ፤ በቅሎዋን ፍለጋ ይሆናል።"

እኔ የት እንደሄደ አውቃለሁ። ማጥ ሲደርቅ፣
ያልፈጨውን ሁሉ ይፈጫል፤ ያለ እሳት ይነዳል፣ ሳያጨስ፣ ሳይታወቅ፤
አየር ሆኖ ይወጣል፣ እኔ ቁልቁል ወዳየሁበት ሰማይ።
አልነገርኩትም። ዓይኑ ገና ነው አፈሩ ላይ።

ደሴ ገብቼ ካርታውን አረምኩ፤ ከመቶ ሰማንያ አንድ ልክ ነው አሉኝ።
ለደረቀው ማጥ ቀለም ፈለግሁ፤ አሁንም አልተረፈኝ።
ከሠንጠረዡ ጫፍ "አስተያየት" የሚል ዓምድ አለ፣ ማንም የማይሞላው።

ነጥብ ሃያ ሰባት። ጥልቀት፦ ሦስት ከሩብ።
አስተያየት፦
በቅሎ። ጭነቷ ያልተራገፈ።