ያልተቀባ እጀታ

ዝናብ የረሳት ናት፣ ካላማ ከተማ፤
የማዕድኑ ፍንዳታ ከሩቅ እየተሰማ
ቅብ ይዤ እዞራለሁ፣ በር ለበር፣ ጓዳ ለጓዳ፣
ለባለቤቱ ቀርቶ ለውሻውም እንግዳ።

«ይሄ ቅብ» እላለሁ፣ «በዓይን አይታይም፤
ቢፈትጉት አይለቅ፣ ቢያጥቡት አይሄድም፤
አንዴ ከደረቀ፣ አምስት ዓመት ሙሉ
ጀርሞች ያረፉበት እዚያው ይሞታሉ።»
ቃሉን ከወረቀት ነው የሸመደድኩት፤
እውነት ነው ውሸት ነው ብዬ አልጠየቅኩት።

ዶኛ ዞይላ ግን፣ የኦሮሲምቦ ሚስት
(እሱስ ካረፈ ቆየ፣ ዓመቱ ሆነው ሦስት)
መነጽር አውልቀው አዩኝ በጽሞና፦
«አሳየኝ» አሉኝ፣ «ወሬ ርካሽ ነውና።»

እሺ። በዘንግ ላይ ጥጤን ጠቅልዬ
ጠረጴዛውን ነካሁ፤ ቧንቧውን ቀጥዬ፤
የመብራት ማብሪያውን፣ ፍሪጁን በተርታ፣
ኋላም ጠይሙን የጓዳ በር እጀታ።
በየሳህኑ ስም ጽፌ፣ ከድኜ፣ አሽጌ፣
ሞቅ ካለው አኖርኩ፣ ከአልጋዬ ራስጌ።

በሦስተኛው ቀን ላይ ሳህኑ አበበ።
ቢጫው፣ ነጩ ነጥብ ተሰበሰበ፤
የቧንቧው ፈክቶ ነበር፣ የፍሪጁ ሞልቶ፣
የማብሪያው በየቦታው እንደ ኩፍኝ ወጥቶ።

የእጀታው ሳህን ግን፣
ብርሃን ላይ ያዝኩት፤ ምንም። ባዶ ሜዳ።
ተሳስቻለሁ ብዬ፣ ተመልሼ ጓዳ፣
ደግሜ ጠረግኩት፣ ደግሜ ጠበቅኩ፤
ደግሞ ምንም ሆነ።
እኔው ለራሴ አፈርኩ።

«እሱ ነው የሠራው» አሉ ሳይገረሙ፣
«ከወዳደቀ መዳብ፤ ያኔ ሳይደክም አቅሙ።
ሠላሳ ዓመት ቆፍሮት ሳንባውን ያነቀው
ያው ድንጋይ ነው እንግዲህ ቤቴን የጠበቀው።»
ፈገግ አላሉም። እኔም ቃል አጣሁ።

«እሱንም ልትቀባው?» አሉኝ አተኩረው፤
(የምበላው ኮሚሽን፣ ኪራዬም ውዝፍ ነው።)
«አይሆንም» አልኳቸው፤ «ሰም ከለበሰማ
ወርቁ ውስጡ ይቀራል፣ ለእጅ አይሰማ።
አይቀቡት፣ አይሸፍኑት፤ ዝም ብለው ይጨብጡት፣
ሲገቡ፣ ሲወጡ።»
ጠረጴዛውን ብቻ ቀባሁት።

ሻንጣዬን ጠቅልዬ፣ ፔሶ ተቀብዬ፣
ስወጣ እጀታውን ያዝኩት፣ ጓንቴን ጥዬ።
ቀዝቃዛ፣ ሻካራ ነው፤ የመዶሻው ምት አለው።
ከማላውቀው ሰው ጋር ተጨባበጥኩ ልበለው?

እስከ ሆቴሌ ድረስ
መዳፌ ሳንቲም ሳንቲም ይሸት ነበር።