ሐሙስ ማታ

ሐሙስ ማታ፣ ጠያቂ ወጥቶ ዘበኛው በሩን ሲዘጋ፣
መሰላሌን አቆማለሁ፣ ከአራት ቁጥር አልጋ ጋ።
ማጣሪያው ከጣሪያው ሥር፣ ድምፁ የንብ ቀፎ፣
ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ ስድስት ሺ ቮልት አቅፎ።

«ወንፊት የለው፣ ጨርቅ የለው፣ በምኑ ነው የሚይዘው?»
አሉኝ ጋሽ አውላቸው፣
ትንፋሻቸውን እንደ ዕቁብ ተራው እስኪደርስ ጠብቀው።
«ብናኙ በሽቦው ሲያልፍ ኮረንቲ ይጠጣል፣
ያኔ ብቻውን መሆን አይችልም፤ ወደ ተቃራኒው ብረት ይመጣል።
ወዶ አይደለም። ግን ይለጠፋል።»
«ጋብቻ በለኛ!» አሉ። ሳቃቸው ሳል ሆኖ ረዘመ፤
ሲስተር ሙሉጎጃም ኦክስጅኑን እስክትከፍት
የክፍሉ ትንፋሽ ቆመ።

ብረቶቹን ሳብኳቸው፤ ሃያ አራት ስስ ቅጠል።
ያለፈው ወር ጥቁር ነበር፣ የናፍጣ ከሰል፣
የቸርችል ቁልቁለት ፍሬን፣
ሁለቴ በኦሞ ብታሸው ከጥፍር የማይነቀል።
የዛሬው ግን ግራጫ ነው፣ ደረቅ፣ ነጣ ያለ፤
ጣቴን ባሳልፍበት ኖራ ኖራ አለ።

ከመስኮቱ ማዶ እስካቫተሩ በፓውዛ ይሠራል።
ቤት መምታት ድሮ የግጥም ሥራ ነበር፤ አሁን ማሽን ይመታል።
ከዚህ ወዲያ እኔ ቤት አልመታም።

ጳጉሜ በመጣ ቁጥር እናቴ
ኖራውን በባልዲ በጥብጣ፣ ትንሽ ሰማያዊ ጠብ አድርጋበት፣
የመንገዱን ፊት ብቻ ትቀባ ነበር፣
የጓሮው ለማን ይታያል ብላ።
አሁን ከከተማ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት።
ግድግዳው ጥሩ ነው ትላለች፣
ሚስማር ግን አይቀበልም፤
የአባቴ ፎቶ እስከ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

የማጣሪያው መመሪያ «ጎጂ ብናኝ» ይለዋል።
እውነቱን ነው።
የጋሽ አውላቸውን ደረት የሚዘጋው ይኸው ነው፣
ምናልባት የኛ ሳሎን፣
ምናልባት የእትዬ አፀደ ኩሽና፣
ምናልባትም የማላውቀው ሰው ደጃፍ።
ብረት አይመርጥም፤ የደረሰበትን ይይዛል።

ቧንቧውን ከፈትኩ።
ውሃው መጀመሪያ ወተት መሰለ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣
ቀጥሎ ምንም።

ብረቱ ካልደረቀ አይገባም፤
ርጥበት ካለው ኮረንቲው ይተኩሳል።
አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው።
በዚያ አንድ ሰዓት ቀፎው ዝም ይላል፣
የከተማው አየር እንዳመጣጡ ይገባል።
ሲስተር ሙሉጎጃም ለሁሉም ማስክ አደለች፤
ለእኔም ሰጠችኝ።
ኪሴ ከተትኩት።
መስኮቱ ጥግ ሄጄ፣ ማንም ሳያየኝ፣
በረጅሙ ሳብኩ።

አሳለኝ።